ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ፦ ሴሊያክና የቤታችን ማዕድ

እሁድ ነው። ቤተሰቡ አክስት ቤት ተሰብስቧል። አክስት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እህታቸው ልጅ ዘረጉ። ልጅቷ ግን አፏን አልከፈተችም።

«ይቅርታ አክስቴ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አለች።

«እንጀራ እኮ ነው የኔ ልጅ! እንጀራ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አሉ አክስት፣ ቅር እያላቸው።

እንዲህ ያለ ነገር በእናንተም ቤት ሊያጋጥም ይችላል። ልጅቷ የአክስቷን እጅ ንቃ አይደለም። ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለባት። ይህ በሽታ ምንድን ነው? ሕክምናውስ? ቤተሰብስ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ዘበኛው ሲሳሳት

ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ሥርዓት አለው። ይህ ሥርዓት የግቢ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ሲገባ ይዋጋል፤ የቤቱን ሰው ግን አይነካም። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ይሳሳትና የቤቱን ልጅ እንደ ሌባ ቆጥሮ ይደበድባል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን በሽታ ኦቶኢሚዩን ይሉታል፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ማለት ነው።

ከ80 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ በሽታዎች አሉ። ለምሳሌ በዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሚጠቁት ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሴሎች ናቸው። ሉፐስ ደግሞ ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ብዙዎቹ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይታያሉ። አንዳቸውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም።

ሕክምናቸው በጥቅሉ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው የጎደለውን መተካት ነው፤ የስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊን የሚወጋው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የተቆጣውን ዘበኛ በመድኃኒት ማብረድ ነው፤ ለሉፐስና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች ይህን ያደርጋሉ። ሦስተኛው ዘበኛውን የሚያስቆጣውን ነገር ማስወገድ ነው። ሴሊያክ የሚታከመው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው።

የሚያስቆጣው ነገር ምንድን ነው?

ግሉተን ይባላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ፣ እንዲሁም አውሮፓ ውስጥ ለዳቦ በሚውለው ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲሳብ የሚለጠጠው በግሉተን ምክንያት ነው።

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ክፍል እንደ ፎጣ ጸጉር በጣም ትናንሽ በሆኑ ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። ከምግብ የምናገኘውን ጥቅም የሚመጡት እነሱ ናቸው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ይቆጣና እነዚህን ጣቶች ያበላሻል። ስለዚህ ሰውየው እየበላ ይራባል ማለት ይቻላል።

አንዳንዱን ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይከሳል። ሕፃናት እድገታቸው ሊዘገይ ይችላል። ሌላው ግን ሆዱን ምንም አያመውም፤ ደም ማነስ አለብህ ይባላል፣ የአይረን ኪኒን ይውጣል፣ ግን አይሻለውም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ ሴሊያክ አለበት፤ ብዙዎቹ ግን አያውቁትም። በሽታው በዘር ስለሚሄድ የታማሚው ወላጆች፣ ልጆች፣ እህቶችና ወንድሞችም ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑ የታወቀው ሆላንድ ውስጥ ነው። ዊለም ዲከ የተባለው የሕፃናት ሐኪም ስንዴን ከቀድሞም ይጠረጥር ነበር። ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የጦርነት ክረምት አገሩ በረሃብ ተመታ፤ ዳቦ ጠፋ። ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ግን በዚያ ጊዜ ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ በ1950 ጥናቱን አቀረበ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሴሊያክ ይሆን ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ከምርመራው በፊት ዳቦ መብላት አታቁሙ። ካቆማችሁ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቱን ያያል፤ ትንሽ ናሙናም ይወስዳል።

እንጀራስ?

እዚህ ላይ የምሥራች አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ከንጹሕ ጤፍ ብቻ የተጋገረ እንጀራ ለሴሊያክ ታማሚ ይሆናል። ችግሩ ውጭ አገር የምንገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ «ጤፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ጤፍ ብቻ ነው? እርሾውስ ከምን የመጣ ነው? ምጣዱ ላይ ሌላ ነገር ይጋገራል? ዱቄቱ የተፈጨው ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የስንዴ ቂጣ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ የገብስ ቆሎና ጠላ ግሉተን አላቸው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ሥጋና እንቁላል በራሳቸው የላቸውም። የታሸገ በርበሬና ሽሮ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። በአሜሪካና በአውሮፓ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይችልም።

ታዲያ «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ትንሽም ቢሆን ይጎዳል። ቅልቅል እንጀራ የቆረሰ እጅ ወጡ ውስጥ ከገባ ወጡም ለታማሚው አይሆንም። ስለዚህ ለታማሚው ማንም ሳይነካው አስቀድሞ በሌላ ሳህን ይቀርብለት። ይህን ማድረግ ሰውን ከማዕድ መለየት አይደለም፤ ማስታመም ነው።

ለሴሊያክ የሚዋጥ ኪኒን የለም፤ ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን ግሉተን ከቀረ የአንጀት ቁስል ቀስ በቀስ ይድናል። ልጅ ማደግ ይጀምራል፤ የደከመው ሰውም ይበረታል።

ወደ አክስት ቤት እንመለስ። ልጅቷ ሁሉንም በእርጋታ አስረዳቻቸው። አክስትም ጥቂት አሰቡና «ታዲያ እርሾውን እደፋዋለሁ፤ ምጣድም አዲስ እገዛለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚጋገረው የጤፍ እንጀራ ብቻ ነው፤ ሁሉም የሚበላው ከአንድ ሞሰብ ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ? አክስትም ሁለት ያጎርሷታል።