የዩኤስቢ ድምፅ መሣሪያ የድምፅ መጠን ቁጥጥር ችግሮችና መፍትሔያቸው፦ ከሀዲይሳና ከከምባቲሳ የመስክ ቀረጻ አንጻር

በከምባቲሳ ቋንቋ አጽንዖት የማያርፍበት የቃል መጨረሻ አናባቢ ኢ-ነዛሪ ሆኖ በሹክሹክታ ይነገራል። ኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የከምባቲሳ ሰዋስው የመጀመሪያ ክፍል ይህን ጠባይ ይገልጻል። ጆሮው ቋንቋውን ያልለመደ ሰው ብዙ ጊዜ አናባቢው መኖሩን እንኳ አያስተውልም፤ ይሁንና በስሞች ላይ ባለቤትና ተሳቢ የሚለዩት በአጽንዖቱ ስፍራና በቃሉ መጨረሻ በመሆኑ፣ ያ ትንሽ ትንፋሽ የሰዋስው መረጃ ተሸካሚ ነው። አንድ ተማሪ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ ቀርጾ ሲመለስ እነዚህ አናባቢዎች በፋይሉ ውስጥ ካልተገኙ፣ የጠፉት በተናጋሪው አፍ ሳይሆን በላፕቶፑ ቅንብር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ተመራማሪ የመሣሪያውን ጠባይ የቋንቋው ጠባይ አድርጎ ሊጽፍ ነው።

በሀዲይሳም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። መጥበቅና መላላት፣ የአናባቢ ርዝመት፣ እንዲሁም እንደ አማርኛው ጠ እና ቀ ያሉ ፈንጂ ድምፆች በቋንቋው ውስጥ ትርጉም ይለያሉ። ፈንጂ ድምፅ ከአጭር ዝምታ በኋላ በድንገት የሚፈነዳ ነው። የጠበቀ ድምፅም ቢሆን የሚታወቀው መዘጋቱ ረዘም በማለቱ ነው። ስለዚህ ከቀረጻው ዝምታው ዝምታ፣ ፍንዳታው ፍንዳታ ሆኖ እንዲቀር ይፈለጋል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአካባቢው ከተሞች ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የሚሰበስብ ተማሪ ሁልጊዜ ውድ መቅረጫ አያገኝም። በእጁ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፕና በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክሮፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ ወይም አነስተኛ የድምፅ ካርድ ነው። በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓይነት ጥናት ይበቃል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር በተደጋጋሚ የሚነሣው ቅሬታ ግን አንድ ነው፦ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው አይታዘዝም። መንሸራተቻው ቢጎተትም ለውጥ የለም፤ ወይም እስከ ዘጠና በመቶ ምንም ሳይሰማ ከዚያ በኋላ በአንዴ ይጮኻል፤ ወይም ማንም ሳይነካው ራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። ሦስቱ ምልክቶች የተለያየ ምክንያት ስላላቸው አንድ መድኃኒት ለሁሉም አይሠራም።

መነሻው «የድምፅ መጠን» የሚባለው ነገር በአንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። ድምፁ ከማይክሮፎኑ ተነሥቶ በመሣሪያው ውስጥ ባለ ማጉያ ያልፋል፤ ከዚያ በለዋጩ ወደ ቁጥር ይቀየራል፤ ቁጥሩ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ስርዓተ ክወናው ይገባል፤ በመጨረሻም የመቅረጫው ፕሮግራም ይቀበለዋል። በእያንዳንዱ ጣቢያ መጠኑን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከለዋጩ በፊት የሚደረገው ማስተካከያና ከለዋጩ በኋላ የሚደረገው ግን አንድ አይደሉም። በፊት የተደረገው ድምፁን በልኩ ያስገባል። በኋላ የሚደረገው የተጻፈውን ቁጥር ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ ከመግቢያው የተቆረጠ የሞገድ ጫፍ አይመለስበትም።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ የመጀመሪያ እትም፣ መሣሪያው ሲሰካ ስለ ራሱ ለኮምፒዩተሩ መግለጫ እንዲሰጥ ያዛል። በመግለጫው ውስጥ ድምፅ የመቀነስና የመጨመር፣ ድምፅ የመዝጋት፣ አልፎ አልፎም በራሱ የማስተካከል ችሎታ ካለው ይህን የሚያስታውቅ ክፍል ይኖራል። ኮምፒዩተሩ በበኩሉ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና የአንዱ እርምጃ መጠን ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ የሚሰጠው በዴሲቤል 1/256ኛ መለኪያ ነው። በስክሪኑ ላይ የምናየው መንሸራተቻ የተሠራው እንግዲህ መሣሪያው ስለ ራሱ በተናገረው ቃል ላይ ነው፤ ቃሉም ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። መሣሪያው መቶ ዴሲቤል የሚያህል ክልል አለኝ ብሎ በተግባር የሚሠራው ግን የላይኛውን ሠላሳ ብቻ ከሆነ፣ የመንሸራተቻው ሰፊ ክፍል ባዶ ይሆናል። «እስከ ዘጠና በመቶ ዝም ይላል» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል። የሊኑክስ ከርነል ክልሉ ከመጠን በላይ ሰፊ ሆኖ ሲያገኘው ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው፣ ለታወቁ መሣሪያዎችም የተስተካከለ ክልል በውስጡ ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ የመጠን መቆጣጠሪያ የለኝም ብለው በግልጽ ያስታውቃሉ። በአካላቸው ላይ የሚዞር ቁልፍ ያላቸው የድምፅ ካርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በማክ ኮምፒዩተር መንሸራተቻው ደብዝዞ ይታያል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፤ መጠኑ በእጅ የሚስተካከለው በቁልፉ ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ ግን በዚህ ጊዜ ዝም አይልም፤ የራሱን የሶፍትዌር መቆጣጠሪያ በቦታው ይተካል። መንሸራተቻው ይንቀሳቀሳል፣ የሞገዱም ቁመት ይለወጣል፤ ተጠቃሚውም ማጉያውን ያስተካከለ ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የማይሠራ መንሸራተቻ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ የሚሠራ የሚመስለው ግን መረጃውን እያበላሸ ያረጋጋል።

ይህን ለመለየት የሁለት ደቂቃ ሙከራ ይበቃል። በኦዳሲቲ ወይም በፕራት መቅረጽ ይጀመርና መንሸራተቻው መቶ በመቶ ላይ እያለ ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ ጮክ ብሎ ጥቂት ቃላት መናገር ነው፤ የሞገዱ ጫፎች በላይና በታች ተቆርጠው ጠፍጣፋ እስኪሆኑ። ከዚያ መንሸራተቻውን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ በዚያው ርቀትና በዚያው ኃይል መድገም። ጫፎቹ ክብ ሆነው ከተመለሱ መቆጣጠሪያው የሚሠራው ከመቆረጡ በፊት ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሞገዱ አንሶ ጫፎቹ ግን እንደ ጠፈጠፉ ከቀሩ፣ መቀነሱ የመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለምሳሌ በሶፍትዌር የ12 ዴሲቤል ቅነሳ የተቆረጠውን ሞገድ ወደ ሩብ ቁመቱ ያወርደዋል፤ በስክሪኑ ላይ ልከኛ ይመስላል፣ በውስጡ ግን የፈንጂዎቹ ጫፍ የለም። በዚህ ጊዜ ያለው መፍትሔ ማይክሮፎኑን ከአፍ ማራቅ፣ የመሣሪያውን የራሱን ቁልፍ መቀነስ፣ ወይም መሣሪያውን መለወጥ ነው።

ሦስተኛው ምልክት፣ ማለትም ራሱ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ ለቋንቋ መረጃ አደገኛ ነው። አውቶማቲክ የድምፅ ማስተካከያ ዝምታ ሲያገኝ ማጉያውን ከፍ ያደርጋል፣ ጩኸት ሲያገኝ ይቀንሳል። ለስብሰባ ጥሩ ነው። በሆሳዕና ክረምት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ለሚቀርጽ ሰው ግን ተናጋሪው ባረፈ ቁጥር የዝናቡ ድምፅ እያበጠ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የድምፅ ኃይል ልኬት ትርጉም ያጣል፦ ደካማው ቃለ ድምፅ ከጠንካራው ጋር ሊስተካከል ይችላልና፣ አጽንዖት በድምፅ ኃይል ይገለጻል ወይስ አይገለጽም የሚለውን ጥያቄ በእንዲህ ያለ ቅጂ መመለስ አይቻልም። የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ልኬት ግን በዚህ ብዙም አይነካም፤ የመጠን ለውጥ የንዝረቱን ድግግሞሽ አይቀይርምና። ስለዚህ ቀድሞ የተቀረጸ እንዲህ ያለ ፋይል ያለው ተማሪ ሁሉንም መጣል አይጠበቅበትም፤ የትኛው ልኬት እንደሚታመን መለየት ይበቃዋል።

የጩኸት ማጥፊያው ደግሞ ከማስተካከያው ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ ተከታታይና ደካማ የሆነውን ነገር ሁሉ ሁከት ብሎ ይቆርጣል። የከምባቲሳ የሹክሹክታ አናባቢ ደካማና ትንፋሽ መሰል ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ በዚህ መቀስ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሁለቱን ለመያዝ ከአንድ እስከ አሥር ጮክ ብሎ ቆጥሮ ለጥቂት ሰኮንዶች ዝም ማለትና ዝምታውን በስክሪን ማየት ነው። የጀርባው ድምፅ ቀስ በቀስ ካደገ አውቶማቲክ ማስተካከያ አለ። በድንገት ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ጩኸት ማጥፊያ አለ። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት እንደነበረው ከቀጠለ ቅጂው ንጹሕ ነው።

የሚጠፉበትን ቦታ ማወቅ ይቀራል። በዊንዶውስ በቀድሞው የድምፅ መስኮት የመሣሪያው ንብረቶች ውስጥ የማሻሻያዎች ገጽ ካለ ሁሉንም መዝጋት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ የዩኤስቢ መሣሪያዎች አውቶማቲክ ማስተካከያቸውን ለብቻው በሆነ ሌላ ገጽ ያሳያሉ። እዚያው የመጠን ገጹ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበትን ሳጥን በቀኝ ቁልፍ በመጫን ከመቶኛ ወደ ዴሲቤል መለወጥ ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቀውም፤ ነገር ግን መንሸራተቻውን ከዳር እስከ ዳር ወስዶ ቁጥሩን ማንበብ የክልሉን ስፋት በአንድ ዓይን ያሳያል። የመስመር ላይ ስብሰባ ፕሮግራሞችም መዘንጋት የለባቸውም። ዙም የማይክሮፎን መጠንን በራሱ የሚያስተካክል ምርጫ አለው፤ ከተተወ የስርዓተ ክወናውን መንሸራተቻ ያንቀሳቅሳል። ከአማካሪው ጋር ጠዋት በዙም ተነጋግሮ ከሰዓት ለቀረጻ የሚወጣ ተማሪ፣ መጠኑን ትናንት በተወው ቦታ ላያገኘው ይችላል።

በሊኑክስ አልሳሚክሰር በሚባለው ፕሮግራም ኤፍ6 ተጭኖ ካርዱን መምረጥ፣ ከዚያም በኤፍ5 የማዳመጫውንና የመቅረጫውን መቆጣጠሪያዎች አንድ ላይ ማየት ይቻላል። አውቶማቲክ ማስተካከያ ያለው መሣሪያ እዚህ ራሱን ችሎ ይታያል፤ በኤም ፊደል ይዘጋል። የማዳመጫው መንሸራተቻ በተሳሳተ ክልል የተነሣ የማይታዘዝ ከሆነ፣ መጠኑን በአልሳሚክሰር አንዴ ተስማሚ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ፓይፕዋየር የሃርድዌሩን መቆጣጠሪያ ትቶ በሶፍትዌር ብቻ እንዲሠራ በዋየርፕላምበር ማዋቀሪያ ማዘዝ ይበቃል። ይህ መፍትሔ ለማዳመጥ ነው። ለመቅረጽ ቢጠቀሙበት ከላይ ወደ ተገለጸው የተቆረጠ ጫፍ ችግር ይመልሳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሁለተኛው እትም ሌላ ነገር አስከትሏል። ዊንዶውስ ያለ አምራቹ ድራይቨር ይህን እትም መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በዊንዶውስ 10 እትም 1703 ነው። ከዚያ ያነሰ ዊንዶውስ ባለው የቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ የድምፅ ካርድ አልሠራ ቢል ወይም መቆጣጠሪያው ቢጠፋ፣ ካርዱን ከመጠርጠር በፊት የአምራቹን ድራይቨር መፈለግ ይቀድማል።

በማዳመጥ በኩል ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ሰው ያደክማሉ። በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ ያሉት የመጨመሪያና የመቀነሻ ቁልፎች በብዙዎቹ የዩኤስቢ ዓይነቶች ድምፁን ራሳቸው አይነኩትም፤ እንደ ኪቦርድ ቁልፍ ለኮምፒዩተሩ መልእክት ይልካሉ፣ ኮምፒዩተሩም የነባሪውን መሣሪያ መጠን ይለውጣል። ነባሪው የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ከሆነ ቁልፉ የሚለውጠው ያንን ነው። ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ ጥሪ መኖሩን ሲያውቅ የሌሎችን ድምፆች 80 በመቶ ዝቅ የሚያደርግ መሆኑ ነው፤ በግንኙነት ገጹ ላይ «ምንም አታድርግ» የሚለው ሲመረጥ ይቆማል።

መጠኑ የት ላይ ይቀመጥ ለሚለው፣ ከፍተኛው የንግግር ጫፍ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ማድረግ ተገቢ ነው። በ24 ቢት ለሚቀርጽ መሣሪያ ይህ ምንም አያስከፍልም። በ16 ቢት፣ እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስለሆነ፣ ከ96ቱ 84 ይቀራል፤ ይህም ቢሆን ጸጥ ካለ የገጠር ቤት የጀርባ ድምፅ በታች የሚወርድ ነው። የሹክሹክታው አናባቢ የሚድነው መጠኑን ወደ ጣሪያ በማስጠጋት ሳይሆን ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው በማስጠጋትና ከአፉ ፊት ትንሽ ወደ ጎን በማድረግ ነው። የ50 ሄርዝ የኤሌክትሪክ እምታ ከተሰማም መጠኑን መቀነስ አይረዳም፤ ንግግሩም አብሮ ይቀንሳልና። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል።

በእያንዳንዱ የቀረጻ ቀን መጀመሪያ የቆጠራውና የዝምታው ሙከራ በተናጋሪው ሳይሆን በቀራጩ ድምፅ ተቀርጾ ከመረጃው ጋር ቢቀመጥ፣ መሣሪያው፣ የስርዓተ ክወናው ስምና እትም፣ በዴሲቤል የተነበበው መጠን፣ የተዘጉት ማስተካከያዎችም አብረው ቢመዘገቡ፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሌላ ተመራማሪ አናባቢው ያልተሰማው ስላልተነገረ ይሁን ስላልተቀዳ መለየት ይችላል።