አላቢዋና እረኛው

ፍየል ሲታመም ወደ እኛ ወደ እንስሳት ሐኪሞች የሚመጣው አባወራው ነው። ቅዳሜ ለላሊበላ ገበያ ሲወጣ እግረ መንገዱን ጎራ ይልና፣ ፍየሎቹን ቤት ትቶ፣ «ያቺ ኦክሲ የምትሏት መርፌ ካለች» ይላል። እኔም እጠይቀዋለሁ፦ መጀመሪያ የሳለችው የትኛዋ ናት? ውሃ የሚወርዱት ከማን መንጋ ጋር ነው? ዘንድሮ ያስወረደች አለች? መልሱ ብዙ ጊዜ «እሱንስ ልጆቹ ናቸው የሚያውቁት» ነው። እውነቱን ነው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ወዳሉት መንደሮች ስወጣ ከባለቤቱ በፊት አላቢዋንና እረኛውን የምፈልገው ለዚህ ነው።

ምእመናን ወደዚያ የሚሄዱት በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ በረድፍ እየተፈራረቁ የታነጸውን የዛግዌ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ነው። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው በአቡነ ዮሴፍ ተዳፋት ላይ ነው። ግቷ የከበደ ፍየል በቋጥኝና በእሾህ መሀል ስትወጣና ስትወርድ ጡቷ ይጫራል፤ መዥገርም ይነክሳታል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በዚያ ቁስል ይገባል፤ አለዚያም በአላቢዋ እጅ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። ሲብስ ግቱ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፤ ፍየሏም ልትሞት ትችላለች። አብዛኛው የጡት በሽታ ግን ለዓይን አይታይም። ወተቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግልገሉ በአንድ ወገን ብቻ ይጠባል፣ አንዱ ጡት ሞቅ ይላል። ይህን ከአላቢዋ ሌላ ማን ያውቃል? እኔ በመመርመሪያ ፈሳሽ የማገኘውን እሷ ከቀናት በፊት በጣቷ አውቃዋለች፤ የጠየቃት ስለሌለ ነው ያልተናገረችው።

«እጅሽን ታጠቢ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። የምትታጠብበት ውሃ ከምንጭ በጀርባዋ የወጣ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የማወራው ስለ ተራ ነው፤ ጤነኞቹና ወጣቶቹ መጀመሪያ ይታለቡ፣ የታመመችው መጨረሻ። ይህ አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ አይጠይቅም።

የሳንባው ነገር ደግሞ የእረኛው ነው። የፍየል ሳንባ የምንለውን ከባድ ተላላፊ በሽታ የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ ነው፤ ተመራማሪዎች ከታመመ ፍየል ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1976 ኬንያ ውስጥ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሴል ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው ግድግዳውን ስለሆነ፣ ከሱቅ ገዝቶ በፔኒሲሊን ብቻ የወጋ ሰው ገንዘቡን በተነ ማለት ነው። በሽታው የሚሄደው የታመመች ፍየል ስታስል ከአፏ በሚወጣው ፍንጣቂ ነው፤ ለዚህም መጠጋጋት ይበቃዋል። ደጋው ሌሊት ይበርዳል፣ ፍየሎቹም መስኮት በሌለው ጋጥ ተፋፍገው ያድራሉ። ድርቅ ወይም ጦርነት ያራገፈው መንጋ የሚተካው ደግሞ ከገበያ በተገዛ ፍየል ነው፤ አዲሷም የዚያኑ ዕለት ማታ ከነባሮቹ ጋር ትታጎራለች። ምልክቱ ሳምንት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚዘገይ፣ ሳሉ ሲጀምር አባወራው ገበያውን ረስቶታል። እረኛው አይረሳም። የትኛዋ ቀድማ ከመንጋው ወደ ኋላ እንደቀረች፣ የጎረቤት አውራ መቼ እንደተቀላቀለ በቀኑ ይነግረኛል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ተዳፋቱን መውጣት አለበት። እስኪደርስ ድረስ አዲሷን ፍየል ጥቂት ሳምንት ለብቻ ማሳደር ከየትኛውም መርፌ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የውርጃ በሽታ ነው፤ ብሩሴሎሲስ። ታሪኩን ስናገር ማልታን እጠቅሳለሁ። በዚያች ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮች ለረጅም ጊዜ በማይለቅ ትኩሳት ይማቅቁ ነበር። ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1887 ባክቴሪያውን አገኘው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን የታወቀው በ1905 ነው። ቴሚስቶክለስ ዛሚት የሚባል ማልታዊ ሐኪም የፍየሎቹን ደም ቢመረምር በሽታው እነሱ ውስጥ ተገኘ። ፍየሎቹ ሲያዩዋቸው ጤነኞች ነበሩ። ወታደሮቹ የፍየል ወተት ሲከለከሉ ትኩሳቱ በአንዴ ቀነሰ።

በእኛ መንደር ያስወረደችውን ፍየል የምታዋልደው፣ እንግዴ ልጁን በባዶ እጇ የምታነሳው ሴቷ ናት። አውጥታ ትጥለዋለች፣ ውሻ ይጎትተዋል፣ ልጆች ይነኩታል። ይቀበር እንላለን፤ መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ቆፋሪ ያስፈልጋል። ወተቱም አለ። በዐቢይ ጾም ትልልቆቹ ስለማይቀምሱት የሚቀረው ለሕፃናቱ ነው፤ እነሱም ትኩሱን ከነአረፋው ይጠጡታል። የፍየል ወተት መድኃኒት ነው፣ ቢፈላ ግን ኃይሉ ይጠፋል የሚል እምነት አለና። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ታይፎይድ ወይም ወባ ተብሎ ይታከማል፤ ስለ ፍየሏ የሚጠይቅ የለም።

አንዲት እናት ስለ ማፍላት ስነግራቸው ጨርሼ እንዳበቃ «ማገዶውንስ አንተ ታመጣልኛለህ ልጄ?» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ደን አይነካም፤ ኩበቱም ለእንጀራው አይበቃም። ተነጋግረን የደረስንበት ቡና ላይ ነው። ቡናው ለማንኛውም በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይፈላል፤ ጀበናው ሲወርድ ወተቱ በዚያው እሳት ላይ ይጣድ፣ ሞቅ ሲል ሳይሆን ገንፍሎ ሲነሳ ይውረድ። «እስከ በረካው ይደርሳል» አሉ።