የዩኒክስንና የሊኑክስን ትምህርት በእጅ ስለ ማስጀመር
በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ለሚያስተምሩ መምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች የቀረበ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ ከሰቆጣ ርቆ በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ለዕጩ መምህራን የኮምፒዩተር ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። ጥያቄዎቹ የሊኑክስን ትእዛዞች ስምና አገልግሎት በጽሑፍ የሚያስመልሱ ነበሩ። ከፍተኛ ውጤት ካገኙት አንዱ በማግሥቱ ከመሣሪያው ፊት ሲቀመጥ፣ ትእዛዙን ከጻፈ በኋላ የ«ኢንተር» ቁልፍ መጫን እንዳለበት አላወቀም። ጥፋቱ የሠልጣኙ ሳይሆን የፈተናው አዘጋጅ ነበር። ፊደል ቆጣሪ ሕፃን እንኳ ገበታውን በስንደዶ እየጠቆመ ይማራል እንጂ የፊደላቱን ስም ከሩቅ በመስማት ብቻ አያነብም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥቂት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብቻ ባሉበት፣ መብራትና ኢንተርኔት በማይዘወተሩበት ትምህርት ቤት ጀማሪዎች ሥርዓቱን በእጃቸው ሊለማመዱ የሚችሉበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

1. ስለ ሥርዓቱ አጭር መግለጫ

ሥርዓተ ክወና የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያስተዳድርና የተጠቃሚውን ትእዛዝ የሚያስፈጽም መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ቶምፕሰን ሥራውን የጀመረው ብዙም በማይሠራበት ፒዲፒ-7 በተባለ መሣሪያ ላይ ነው። ስለሆነም በአሮጌ ኮምፒዩተር ዩኒክስን መማር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ አወላለዱም እንዲሁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ የሊኑክስን እምብርት ጻፈ። ሊኑክስን ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊገለብጠው፣ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ይችላል። በብዙዎቻችን ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክም በዚሁ እምብርት ላይ የተሠራ ነው።

በእጅ የመማርን ኃይል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት የአንድሮይድ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ገለጹት፣ በአምስት ወር ውስጥ ሕፃናቱ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ተገኙ። ከዚህ የምንወስደው መምህር አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ጀማሪ መሣሪያውን እንዲነካ ከተፈቀደለት ከገመትነው በላይ ይራመዳል የሚለውን ነው።

2. መሣሪያውን ስለ ማዘጋጀት

እንደ ደቢያን ወይም ሉቡንቱ ያለ የሊኑክስ ዓይነት የተሻለ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ በፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሊመጣ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ሲነሣ፣ ተጠቃሚው «ጫን» ብሎ ካላዘዘ ወይም ዲስኩን ከፍቶ ካልነካ በቀር በውስጡ ያለው ነባር ሰነድ እንዳለ ይቆያል። ነገር ግን በተለመደው አዘገጃጀት ሠልጣኙ የሠራው ሥራ መሣሪያው ሲዘጋ ስለሚጠፋ፣ ይህ ዘዴ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ ሌላ አገልግሎት በሌለው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስን መጫን ይገባል። ዩኒክስ ከጥንቱ ብዙ ሰዎች በአንድ መሣሪያ እንዲሠሩ የታሰበ በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱ መግቢያ ስም፣ የይለፍ ቃልና ማኅደር ሊከፈትለት ይቻላል። ሁለት ሠልጣኞች አብረው ሲቀመጡ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ያንብብና ይመዝግብ፤ በየ15 ደቂቃውም ይለዋወጡ።

3. የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች

ትእዛዞቹ በላቲን ትናንሽ ፊደላት የሚጻፉ ሲሆኑ እዚህ በአነባበባቸው ቀርበዋል።

ሀ) የት እንዳሉ ማወቅ። «ፒ-ደብሊው-ዲ» ተጠቃሚው ያለበትን ማኅደር፣ «ኤል-ኤስ» በውስጡ ያለውን ያሳያል፤ «ሲ-ዲ» ወደ ሌላ ማኅደር ያሻግራል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በእነዚህ ሦስቱ ብቻ ይዋል።

ለ) ማሰለፍ። ሠልጣኙ ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች የስድስቱን ስም፣ ማለትም ዝቋላ፣ ጋዝጊብላ፣ ሰቆጣ፣ ደሃና፣ አበርገሌና ሰሃላን፣ በየመስመሩ ጽፎ ያስቀምጥ። በመጀመሪያ በወረቀት ላይ በፊደል ገበታ ተራ ያሰልፋቸው፤ ከዚያ «ሶርት» የሚለውን ትእዛዝ ይስጥ። መሣሪያው ሰሃላ፣ ሰቆጣ፣ አበርገሌ፣ ዝቋላ፣ ደሃና፣ ጋዝጊብላ ብሎ ይመልሳል። ሠልጣኙ መልሱን ራሱ በሚያውቀው ሀሁ ሊያረጋግጥ መቻሉ የልምምዱ ዋና ጥቅም ነው።

ሐ) ትእዛዞችን ማገናኘት። የተማሪዎች ስምና የመጡበት ወረዳ በተዘረዘረበት ፋይል ላይ «ግሬፕ» ከደሃና የመጡትን መስመሮች ይለያል፤ በቀጥታ ቋሚ መስመር ምልክት የሚያያዘው «ደብሊው-ሲ» ደግሞ ይቆጥራል። ሠልጣኙ ለመዝገብ ቤት የሚጠቅም ሥራ እንደ ሠራ በዚህ ይገነዘባል።

መ) ፊደልን መመርመር። «ሰቆጣ» የሚለው ቃል ብቻውን በአንድ መስመር ከተጻፈ፣ የባይት ብዛት ሲጠየቅ መሣሪያው 10 ይላል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 9ኙ የፊደላቱ፣ 1ዱ የመስመሩ ማብቂያ ነው። ይህን ዩቲኤፍ-8 የተባለ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ያው ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው። በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ግን አስቀድሞ የአማርኛ የፊደል ገበታ ከቅንብሩ መመረጥ አለበት።

4. ስለ ስሕተትና ስለ ፍርሃት

ጀማሪን የሚያግደው ከሁሉ በላይ «አበላሸዋለሁ» የሚል ፍርሃት ነው። ይህን ለማስወገድ ሠልጣኙ በራሱ ማኅደር ውስጥ አንድ ፋይል ሆን ብሎ በ«አር-ኤም» ትእዛዝ ይደምስስ። ሥርዓቱ «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ ሳይጠይቅ እንደሚያጠፋና መመለሻ ቅርጫት እንደሌለው በዓይኑ ያያል፤ ጥንቃቄንም የሚማረው ያን ጊዜ ነው። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ግን በመምህሩ እጅ ብቻ ይቆይ። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ «ማን» የሚለው ትእዛዝ በመሣሪያው ውስጥ የተጫነውን መመሪያ መጽሐፍ ይከፍታል።

5. ስለ ምዘና

«ሂስትሪ» የተባለው ትእዛዝ ሠልጣኙ የሰጣቸውን ትእዛዞች በቅደም ተከተል ያሳያል። መምህሩ ከዚህ የሠልጣኙን ስሕተትና እርማት ደረጃ በደረጃ ሊከታተል ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ የዚያ ክፍለ ጊዜ መዝገብ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ሠልጣኙ ከማብቃቱ በፊት ወደ ፋይል ይገልብጠው።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ በተደረገው ጦርነት በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ቁሳቁሳቸውን አጥተዋል። አዲስ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ግን አንድን የሠልጣኝ ትውልድ ያለ ልምምድ ማስመረቅ ይሆናል። ስለዚህ ዕቅድ አዘጋጆች የዚህን ትምህርት ክፍለ ጊዜ እንደ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ወርክሾፕ ሊቆጥሩት፣ ፈተናውም ከወረቀት ወደ መሣሪያው ሊዛወር ይገባል። ነገ በዝቋላ ወይም በአበርገሌ አንዲት ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒዩተር ፊት ስትቀመጥ፣ አጠገቧ የሚቆመው መምህር የ«ኢንተር» ቁልፍን ጥቅም በጣቱ የሚያውቅ መሆን አለበት።