ከመንገድ ዳር ስለሚያድጉ ሕፃናት

እግዚአብሔር ለፍጥረቱ ከሰጠው ሲሳይ ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኘው አየር ነው። ውሃ ሲደፈርስ በዐይን ይታያልና ሰው ይጠየፈዋል፤ የደፈረሰ አየር ግን የሚጠየፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ከጎዳና ዳር ስለሚኖሩት ቤተ ሰቦች፥ ይልቁንም ስለ ሕፃናቱ፥ ልንናገር ወደድን።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈውም ታላቅ ጎዳና በመካከሏ ይሄዳል። ከዚሁ ጎዳና ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚገነጠለው በኮምቦልቻ ነው፤ እስከ 1990 ዓ.ም. የአሰብ ወደብ ዕቃ የሚመጣው በዚያ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ሰው የምንለው ይገባዋል። ጭነት የከበደው ካሚዮን እያቃሰተ ሲወጣ ናፍታ በብዛት ይበላል፤ በደጋ አየሩ ስስ ነውና አሮጌ ሞተር ናፍታውን አጥርቶ ሊያቃጥለው አይችልም፤ የቀረውም ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ቁልቁል የሚወርደውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ፍሬኑና ጎማው ሲፋተጉ ትቢያቸው ይበናል። ደግሞም ተራራ በከበበው ከተማ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወርዶ ሲተኛ፥ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ሆኖ የማለዳውን ጢስ ያቆየዋል። ማለዳ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ነው።

የጥቀርሻው ደቃቅ ክፍል ከራስ ጠጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ አፍንጫ አያጣራውም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይገባል፥ እጅግ የደቀቀውም ወደ ደም ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2004 ዓ.ም. የናፍታ ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። ሕፃን ደግሞ ከዐዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቁመቱም ለመኪናው የጢስ ማውጫ የቀረበ ነው።

ይህን ነገር እስከ ፍርድ መዝገብ ያደረሰ አንድ ጉዳይ አለ፤ እኛም ከመዝገብ ጋር የምንውል ሰዎች ነንና በተለይ አስተዋልነው። በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ መኪና በሚበዛበት ጎዳና አጠገብ ትኖር ነበር። በአስም ብዙ ጊዜ ሆስፒታል እየገባች ቆይታ በየካቲት 2005 ዓ.ም. ሞተች። በመጀመሪያው ምርመራ ስለ አየሩ አልተጻፈም ነበር። እናቲቱ ግን ዝም አላለችም፤ ያ ውሳኔ ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የአሟሟትን ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ የተበከለ አየር ለሞቷ ምክንያት ከሆኑት አንዱ መሆኑን በመዝገብ አሰፈረ። ስለ አየሩ ጉዳት ለእናቲቱ የነገራት እንዳልነበረም ጨምሮ ገለጸ።

ለእርሷ ያልተነገራት ለኛ እናቶች ይነገር። ጢሱ ከመንገድ ሲርቁ ይሳሳል፤ ወደ 300 ሜትር ሲደርስ አብዛኛው ይበተናል። ቤት ማዛወር የማይቻለው ሰው ቢያንስ የሕፃኑን መኝታ ከመንገዱ ፊት ለፊት ካለው ክፍል ወደ ጓዳ ያዛውር፤ ጓዳው ግን የማገዶ ጢስ የሌለበት ይሁን፤ አለዚያ ከአንዱ ጢስ ወደ ሌላው መሸሽ ይሆናል። የመንገዱን መስኮት መኪና ሲቀንስ እንጂ ሲበዛ አለመክፈት ይሻላል። ነጠላን በአፍንጫ ላይ መሸፈን ትቢያን ይከለክላል፤ ደቃቁን ጢስ ግን አይከለክልም። ልጅ አዝላ ከመንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰውን እናት እንጀራሽን ተዪ ልንላት አንችልም። በመናኸሪያ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቀውን ሾፌር ግን እንወቅሰዋለን፤ ቁልፉን ማዞር ምን ያስወጣዋል?

የቀረው የሕግ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉ ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ፥ የራሱ ጥቅም ባይነካም እንኳ፥ ማንኛውም ሰው አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ፈቅዷል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። ማመልከቻውም ጢሱ የሚወጣበትን ቦታና ሰዓት ለይቶ ቢጻፍ ለመርማሪው ይቀለዋል።