ቢውቲፉል ክሪቸርስ (ልብ ወለድ)

ቢውቲፉል ክሪቸርስ (ትርጉሙ «ውብ ፍጥረታት») በአሜሪካውያኑ ካሚ ጋርሲያና ማርጋሬት ስቶል በጋራ ተጽፎ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ጋትሊን በተባለች ምናባዊ የደቡብ ካሮላይና ከተማ ነው።

ተራኪው ኢታን ዌት በሕልሙ ያያት የነበረችው ልጅ፣ ሊና ዱኬን፣ አዲስ ተማሪ ሆና ትመጣለች። ሊና ከአስማተኛ ቤተሰብ የተወለደች ስትሆን፣ 16 ዓመት ሲሞላት ወደ ብርሃን ወይም ወደ ጨለማ ወገን ትለያለች፤ ምርጫው ግን የእርሷ አይደለም። ሁለቱ ፍቅረኞች ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሊና ቅድመ አያቶች አንዷ የሞተ ፍቅረኛዋን በአስማት ለማስነሳት ሞክራ በዘሯ ላይ እርግማን እንዳመጣች ይደርሱበታል። ስለዚህ የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ ሰው ማንነቱን ይወርሳል ወይስ ራሱ ይመርጣል የሚል ነው።

መጽሐፉ ሦስት ተከታይ ክፍሎች አሉት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊልም ሆኖ ቀርቧል።