ከጄሶና ከብረት የሚሠራ የአፈር እርጥበት መለኪያ

በቤት ውስጥ የሚሠራ የአፈር እርጥበት መለኪያ ሁለት የማይዝጉ ብረቶች፣ ጥቂት ጄሶና ሽቦ ይበቁታል። ብረቶቹ ሳይነካኩ ጄሶው ውስጥ ይቀበራሉ። ጄሶ ዙሪያው ያለው አፈር ሲርስ ይርሳል፣ ሲደርቅም አብሮ ይደርቃል። የራሰ ጄሶ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ የደረቀው ይገታል። በኦም የሚለካውም ይኸው መገታት፣ ማለትም ሬዚስታንስ ነው። እንደ አሠራሩ ቢለያይም፣ ሲርስ ከጥቂት መቶ ኦም ጀምሮ አፈሩ ሲጠማ አሥር ሺዎችን ያልፋል። ይህን ዘዴ ቡዩኮስና ሚክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሚሺጋን በ1940 እ.ኤ.አ. አስተዋወቁ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ላለችው ግራና ብዙ ይጠቅማል። የቆቦ ግራና ሸለቆ ዝናቡ የማይታመን፣ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ መስኖ የሚለማበት ምድር ነው። በፓምፕ የወጣ ውኃ ሁሉ ወጪ አለበት። የሽንኩርት ማሳ ላይ ላዩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ገበሬው ያጠጣል፤ አንድ ስንዝር ወደ ታች ሲቆፈር ግን አፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ለማዘጋጀት ጄሶው በውኃ ቀጠን ብሎ ይበጠበጥና ብረቶቹ በቆሙበት ቁራጭ ቱቦ ውስጥ ይፈስሳል። የአየር አረፋው እንዲወጣ ቱቦው ቀስ እያለ መታ መታ ይደረጋል። ደርቆ ከጠነከረ በኋላ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ሥሩ በሚገኝበት ጥልቀት፣ ከዚያው ጉድጓድ በወጣ አፈር ጭቃ ተለስኖ ይቀበራል። ይህ ጭቃ ቸል መባል የለበትም። በተለይ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ በጄሶውና በአፈሩ መካከል ክፍተት ከተፈጠረ ንባቡ ዋጋ የለውም። ጄሶው በውኃ ቀስ በቀስ ስለሚሟሟ በየጊዜው መተካት አለበት።

ሌላው ጥንቃቄ የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው። ዲሲ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ ያለማቋረጥ ሲፈስ ብረቶቹን ይበላል፣ ንባቡንም ያዛባል። ስለዚህ አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ይመረጣል፤ አርዱዊኖ የተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያለው ሰው ሁለቱን ጫፎች በየተራ እያቀያየረ፣ ለአፍታ ብቻ ኃይል በመስጠት ይህን ያገኛል።

በዚሁ መንገድ የመስኖውን ውኃ ጨዋማነት ለመለካት ደግሞ ጄሶው ይቀራል። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ የወጡ ሁለት የካርቦን ዘንጎች በቋሚ ርቀት ታስረው ውኃው ውስጥ ይነከራሉ። ጨው በበዛ ቁጥር ውኃው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል፤ ይህ የማስተላለፍ አቅም በማይክሮሲመንስ ይለካል። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ መሠረት በሴንቲ ሜትር ከ700 ማይክሮሲመንስ በታች የሆነ የመስኖ ውኃ በጨው በኩል አያሰጋም፤ ከ3000 በላይ የሆነው ግን ለብዙ ሰብል ከባድ ችግር ነው። ሰብሎችም እኩል አይችሉትም። በውኃ ከራሰ አፈር ተጨምቆ ሲለካ፣ የሽንኩርት ምርት ከ1200 ጀምሮ ይቀንሳል፤ ማሽላ እስከ 6800 ይታገሣል።

መለኪያው ካልተስተካከለ የሚሰጠው ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። ለመኪና ባትሪ በሚሸጥ የተጣራ ውኃ አንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም የገበታ ጨው ሲሟሟ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1000 ማይክሮሲመንስ ገደማ ይሆናል፤ ዘንጎቹ በዚህ ይፈተናሉ። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ በ2 በመቶ ያህል ስለሚያድግ የጧትና የቀትር ልኬት ሳይታረም አይነጻጸርም። የጄሶውን መለኪያ ለማስተካከል ደግሞ የአፈር ናሙና ተመዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ደርቆ፣ እንደገና ይመዘናል፤ የጠፋው ክብደት ውኃው ነው። ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ የአፈር ዓይነት ለብቻው መደረግ አለበት፤ በአሸዋማ ማሳ የተስተካከለ መለኪያ ዋልካ ላይ ያሳስታል።