አራቱ ወንጌላውያን ይጣላሉን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከባሕር ማዶ ተመልሰው ለሱባኤና ለጠበል ወደ ገዳማችን ከሚመጡት ልጆቻችን መካከል በሳዑዲ ዓረቢያ በጂዛን በኩል፣ ከየመን ድንበር አጠገብ በሚገኘው በፈይፋ ተራራ ሲሠሩ የቆዩ አሉ። በዚያ ቡና በሚለማበት የእርከን አገር ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር የሚያገናኛቸውም ስልክ ብቻ ነው። አብረዋቸው የሚውሉት ሰዎች «ወንጌላችሁ እርስ በርሱ ይጣላል፤ አንዱ በሦስት ሰዓት ተሰቀለ ሲል ሌላው ስድስት ሰዓት ይላል» ሲሏቸው መልስ አጥተው ዝም ይላሉ። እኛን ይበልጥ የሚያሳዝነን ግን ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላም ዝም ማለታቸው ነው፤ መጠየቅ ክህደት ይመስላቸዋልና። ይህን የምንጽፈው ለእነርሱና እነርሱን ለሚቀበሉ ካህናት ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን ታትያን የተባለ ሰው አራቱን ወንጌላት አዋሕዶ አንድ መጽሐፍ አድርጓቸው ነበር። ልዩነቱን ለማስቀረት ይህ ቀላሉ መንገድ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ግን አራቱን በአራትነታቸው ጠበቀች። በ4ኛው መቶ ዘመንም አውሳብዮስ ዘቂሣርያ 10 ሠንጠረዦችን አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው አራቱ በአንድነት የተናገሩትን፣ የመጨረሻው እያንዳንዱ ለብቻው የተናገረውን ያሳያል። እነዚህ ሠንጠረዦች በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታውያን የብራና ወንጌላት መግቢያ ላይ በኅብረ ቀለም አጊጠው ይታያሉ። ልዩነትን መሰወር የሚሻ ሰው እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አያኖርም።

የአንድምታ ትርጓሜያችንም መንገዱ ይኸው ነው። መምህሩ «ለምን ቢሉ» እያለ ጠያቂውን ከጉባኤው መካከል ያስገባዋል፤ ከዚያም አንዱን ፍች ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። እንግዲህ ከፈይፋ የመጣው ልጅ የሚጠይቀው በጉባኤ ቤት ዘወትር የሚጠየቀውን ነው። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የወንበዴዎቹ ነገር ነው። ማቴዎስ ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱም እንደ ነቀፉት ይናገራል (27፥44)፤ ሉቃስ ግን አንዱ ሲሰድብ ሌላው ገሥጾት ምሕረትን እንደ ለመነ ይጽፋል (23፥39-43)። ዮሐንስ አፈወርቅ ሲተረጕም አስቀድሞ ሁለቱም ሰደቡ፣ ኋላ ግን አንዱ ተመለሰ ይላል። ማቴዎስ መጀመሪያውን፣ ሉቃስ ፍጻሜውን ነገሩን ማለት ነው። ሁለቱን አጣምረን ስናነብ ፈያታዊ ዘየማን ከስድብ ወደ ንስሐ በአንድ ቀን እንደ ተሻገረ እንረዳለን። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ይህን ባላወቅን ነበር።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ማርቆስ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰቀሉት ይላል (15፥25)፤ ዮሐንስ ጲላጦስ ለፍርድ በተቀመጠ ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነበር ይላል (19፥14)። እኛ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቈጥር ሦስት ሰዓት ረፋድ፣ ስድስት ሰዓት ቀትር መሆኑን ለማወቅ አንቸገርም። ታዲያ አይጣላምን ቢሉ፣ አውግስጢኖስ በሦስት ሰዓት ይሰቀል ብለው በአንደበታቸው ሰቀሉት፣ በስድስት ሰዓት ወታደሮች በእጃቸው ሰቀሉት ብሎ ተርጕሞታል። አንድም፣ ከቀደሙት ሊቃውንት አንዳንዶቹ በጽርእ ሦስትንና ስድስትን የሚያመለክቱት ምልክቶች ስለሚመሳሰሉ በገልባጮች እጅ ተለዋውጠው ይሆናል ብለዋል። የግእዝ ቍጥሮቻችን ከጽርእ የተወረሱ ናቸውና ፫ን ከ፮ አጠገብ አድርጎ ያየ የብራና ጸሐፊ ይህን አያቃልለውም። ዮሐንስም «ያህል» ማለቱን ልብ ይሏል። ቤተ ክርስቲያናችን በስቅለት ዓርብ የሦስቱንም የስድስቱንም ሰዓት ንባብና ስግደት ታደርሳለች እንጂ አንዱን ለሌላው ብላ አትተውም።

ሦስተኛው የዮሴፍ አባት ነገር ነው። ማቴዎስ ያዕቆብ ይለዋል (1፥16)፤ ሉቃስ ኤሊ (3፥23)። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው ዩልዮስ አፍሪቃኖስ እንዳስረዳው ያዕቆብና ኤሊ በእናት የሚገናኙ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ኤሊ ያለ ልጅ ቢሞት ያዕቆብ በኦሪት ሥርዓት (ዘዳ. 25፥5-10) ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው።

ከእነዚህ ፍችዎች አንዳንዱ አንባቢን ያሳምናል፤ አንዳንዱ ገና ያከራክራል። ይህ አያስደንግጠን። የሰዓቱ አቈጣጠር ቢያከራክርም ጌታ በዕለተ ዓርብ በጲላጦስ ዘመን መሰቀሉን አራቱም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ። ሁሉን በአንድ ቃል ተማክረው ቢጽፉት ኖሮ ደግሞ ነቃፊው ተስማምተው የፈጠሩት ነው ባለ ነበር።

የንስሐ አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ አትቈጡት። የማታውቁት ከሆነ «ሊቃውንቱን ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉት፤ በዚህ ክብራችሁ አይቀንስም። በቁጣ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ ላይጠይቅ ይችላል፤ መልሱንም ከሌላ ቦታ ይፈልጋል።

እናንተም ከስደት የተመለሳችሁ፣ ወደዚያም የምትሄዱ ልጆቻችን፣ ሁለቱን ምዕራፎች ጐን ለጐን አድርጋችሁ አንብቡ፤ ማን ለማን እንደ ጻፈ፣ ከታሪኩም የትኛውን ክፍል እንደ ነገረን መርምሩ። ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ሐዋርያው ጴጥሮስ እንዳዘዘው በየዋህነትና በአክብሮት መልሱ፤ ነቃፊያችሁ አብሯችሁ እንጀራ የሚፈልግ ባልንጀራችሁ ነውና። ያልተፈታላችሁን ጽፋችሁ አምጡልን፤ በገዳሙ የጉባኤ ቤት መምህራኑ ይጠብቋችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።